ስም የሌለው ፎቶግራፍ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት፣ በአምበር ከተማ፣ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ቀን እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ስለ ዲጂታል ፎቶግራፍና በፎቶግራፉ ፋይል ውስጥ ስለሚጻፈው መዝገብ ነው። ርእሱን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነገር አይደለም ወይ? አምበር ላይ ምን ያደርጋል?» ብለውኛል። እኔ ግን ነገሩ ከኮምፒዩተሩ ይልቅ የሰው ስም ነገር መሆኑን በተቻለኝ መጠን ለማስረዳት እሞክራለሁ። በንግግሬ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ስል በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የአውሮፓውያኑን ስጠቅስ ለይቼ እናገራለሁ። ይህንንም የምለው ለወግ ያህል አይደለም፤ ኋላ እንደምትሰሙት የነገሩ ግማሽ እዚሁ ላይ ነው።

ከመካከላችን የወላጆቹን ወይም የአያቶቹን ፎቶግራፍ ያላየ ማን አለ? አንዱ በመስተዋት ክፈፍ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል፤ ሌላው በሳጥን ውስጥ ከክት ልብስ መካከል ተጣጥፎ ይቀመጣል። የዚያ ዘመን ሰዎች ፎቶግራፍ ሲሰጣጡ ጀርባውን ገልብጠው «ለማልረሳህ ወንድሜ መታሰቢያ ትሁንህ» ብለው፣ ስማቸውን፣ ከተማውንና ቀኑን ይጽፉበት ነበር። ዛሬ ያን ጽሕፈት ስናነብ በቀለሙ መደብዘዝ ፈገግ እንል ይሆናል። ነገር ግን ፎቶግራፉ የሚናገርበት አንደበት ያ ጽሕፈት ነው። ጀርባው ባዶ የሆነውን ፎቶግራፍ ይዘን «ይህ ማን ነው?» ብለን ስንጠይቅ መልሱን የሚያውቁት አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ እናት ብቻ ይሆናሉ። እርሳቸው ያለፉ ቀን በወረቀቱ ላይ ያለው ሰውዬም አብሮ ሁለተኛ ጊዜ ይሞታል። ፊቱ አለ፤ ልብሱ አለ፤ ማንነቱ ግን የለም።

የስም መጻፍ ጥቅም እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ፎቶግራፍ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከወደቁ በኋላ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በዚያው ዓመት ክረምት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች እንግሊዛዊት በዋይት ደሴት ላይ ፎቶግራፍ አነሣችው። ሴትዮዋ ሥዕሉ በተለጠፈበት ካርቶን ላይ የመጻፍ ልማድ ነበራትና ደጃች ዓለማየሁ፣ የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ መሆኑ አብሮት ተጽፎ ቀረ። ይህ ጽሕፈት ባይኖር ኖሮ ዛሬ ያን ፎቶግራፍ በሙዚየም የሚያይ ሰው «አንድ ያዘነ የአፍሪካ ልጅ» ብሎ ያልፈው ነበር። አንድ መሥመር ጽሕፈት የንጉሥን ልጅ ከስም አልባነት አድናዋለች።

ስምን ከነገሩ ጋር አጣምሮ መጻፍ ለእኛ ለጎጃም ሰዎች እንግዳ ትምህርት አይደለም። እነ ዲማ ጊዮርጊስ፣ እነ ደብረ ወርቅ፣ እነ መርጡለ ማርያም ባሉበት አገር ተወልደን የብራና መጽሐፍ ምን እንደሚመስል አናውቅም ልንል አንችልም። በብዙ ብራና መጨረሻ ላይ ማን እንዳጻፈው፣ ማን እንደ ጻፈው፣ በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደ ተጻፈና ለየትኛው ደብር እንደ ተሰጠ ይነበባል። ከዚያም ግዝቱ ይከተላል። ግዝቱ መጽሐፉን የሚሰርቀውን ብቻ ሳይሆን የሚፍቀውንም ጭምር የሚያወግዝ መሆኑን ልብ በሉልኝ። አባቶቻችን ሌባ ሁለት ዓይነት መሆኑን ያውቁ ነበር፤ አንዱ ዕቃውን ይወስዳል፤ ሌላው ዕቃው የማን እንደ ሆነ የሚናገረውን ጽሕፈት በምላጭ ይፍቃል። ዛሬ ስለ ሁለተኛው ዓይነት ሌባ ነው የምናገረው፤ ምንም እንኳ በዘመናችን ምላጭ ባይዝ።

እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን ብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ትልቅ ሥራ ተጀምሮ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ፊልሞቹም በአዲስ አበባና በአሜሪካ አገር በሚኔሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚባለው ስፍራ ተቀመጡ። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥር ተሰጠው፤ የነበረበት ስፍራም ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ለብዙ ዓመታት እነዚህን መጻሕፍት በመመርመርና ካታሎግ በማዘጋጀት ደከሙ። ስለ ፊልሙ ብዙ ይወራል፤ ስለ ካታሎጉ ግን ጥቂት ነው የሚወራው። እኔ በበኩሌ ካታሎጉ የሌለው 9,000 ፊልም ቁልፉ የጠፋ ጎተራ ነው እላለሁ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ጀርቨርስና ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮቭስካ «መዝገበ ሥዕላት» ብለው ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሥዕሎች የፎቶግራፍ ስብስብም ስሙ ራሱ እንደሚናገረው በመጀመሪያ መዝገብ ነው። ወደ ራሳችን አገር ስንመለስ ደግሞ ዳያና ስፔንሰር የተባለች ተመራማሪ በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ተዘዋውራ ያየቻቸውን ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1974 በኢትዮጵያ ጥናት ጆርናል ላይ አሳትማለች። ኒኮሎ ብራንካሌዎን የተባለው የቬኒስ ሰው ከ500 ዓመት በፊት የሣላቸው በእነዚህ መካከል ነበሩ። ጽሑፏ እስከ ዛሬ የሚጠቅመው ሥዕሉን ከተገኘበት ደብር ጋር አያይዛ ስለ ጻፈች ነው።

አሁን ወደ ዲጂታሉ ልምጣ። በእጅ ስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ጀርባ የለውም፤ ብዕር የሚያሳርፉበት ወረቀት አይገኝም። ይሁን እንጂ ጽሕፈት የሚያድርበት ቦታ በውስጡ አለው። ጄፔግ የሚባለው፣ አብዛኛዎቻችን የምንጠቀምበት የፎቶግራፍ ፋይል፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ደረጃው የወጣለት ነው። በዚህ ፋይል ውስጥ ትልቁን ስፍራ የሚይዘው ሥዕሉ ነው። ከሥዕሉ በፊት ግን በፋይሉ ራስጌ ላይ ትንሽ ክፍል ትገኛለች፤ በእርስዋም ውስጥ ስለ ሥዕሉ የሚናገር ጽሕፈት ይቀመጣል። ባለሙያዎቹ ሜታዳታ ይሉታል፤ እኔ ለዛሬ «የውስጥ መዝገብ» ልበለው።

ከፋይሉ ስም ጋር ግን አንድ አይደለም። ጤፍ ወደ ገበያ የሚያወርድ ገበሬ ጆንያው ከሌላ ሰው ጆንያ እንዳይቀላቀልበት ምልክት ያደርግበታል። ምልክቱን በወረቀት ጽፎ በሲባጎ ቢያንጠለጥለው ጆንያው ወደ መኪና ሲወረወር ይበጠሳል። በጆንያው ላይ በቀለም ቢጽፈው ግን ጆንያው እስካለ ድረስ ይኖራል። የፋይል ስም የተንጠለጠለው ወረቀት ነው፤ ማንም ሰው ወይም ማንኛውም ፕሮግራም ሲቀበለው ይለውጠዋል። የፎልደር ስም ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ ፎቶግራፉ ከፎልደሩ የወጣ ዕለት ከስሙ ተለየ ማለት ነው። የውስጥ መዝገብ ግን ፋይሉ በሄደበት አብሮ ይሄዳል።

ይህ መዝገብ የሚጻፍበት ደንብ አንድ ብቻ አይደለም። ኤግዚፍ የተባለውን ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1995 አወጡት፤ ካሜራው ራሱ የሚሞላው እርሱን ነው። አይ ፒ ቲ ሲ የሚባለው የጋዜጣ ሰዎች ያወጡት ነው። ፎቶግራፍ በሽቦ ከአገር ወደ አገር ሲላላኩ መግለጫው ከሥዕሉ እየተለየ ስላስቸገራቸው፣ ማን እንዳነሣው፣ የት እንደ ሆነና በሥዕሉ ላይ ያሉት እነማን እንደ ሆኑ የሚጻፍባቸውን ስፍራዎች ወሰኑ። ሦስተኛውና አዲሱ አዶቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረበው ኤክስ ኤም ፒ ነው። የእኛ ነገር በዋናነት የሚሆነው በዚህ በሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱን እነሆ።

ኤግዚፍ ለመግለጫ የሰጠው ስፍራ የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። በዚያ ላይ አማርኛ የጻፈ ሰው ሌላ ጊዜ ከፍቶ ሲያየው የጥያቄ ምልክት ተሰልፎ ሊያገኝ ይችላል። የአይ ፒ ቲ ሲ የጥንቱ ደንብ ደግሞ ለእያንዳንዱ ስፍራ ልክ አውጥቶለታል፤ ለፎቶግራፍ አንሺው ስም 32 ባይት፣ ለአንድ ቁልፍ ቃል 64 ባይት፣ ለመግለጫው 2,000 ባይት። እንግሊዝኛ በአንድ ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የእኛ ፊደል ግን በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት! በ32 ባይት ውስጥ የሚገባው 10 የግእዝ ፊደል ነው። ገብረ እግዚአብሔር የሚባል ሰው የራሱን ስም እንደ ጨረሰ ስፍራው ያልቅበታል፤ የአባቱማ ስም ከቶ አይታሰብም። ይህን ደንብ ያወጡት ሰዎች ተንኮል አስበው አይደለም፤ እኛን አላሰቡንም፣ ነገሩ ይኸው ነው። ኤክስ ኤም ፒ ግን የዓለምን ፊደል ሁሉ በሚቀበለው በዩኒኮድ ስለሚጽፍና እንዲህ ያለ ጠባብ ልክ ስለሌለው አማርኛን ያለ ችግር ይይዛል። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስለዚህ ፕሮግራም ስትመርጡ መግለጫውን በኤክስ ኤም ፒ የሚጽፈውን ምረጡ። ዲጂካምና ኤግዚፍቱል የተባሉት ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። የመጀመሪያው ለሁላችንም ይሆናል፤ ሁለተኛው ትእዛዝ እየጻፉ የሚሠሩበት ስለ ሆነ ትዕግሥት ላለው ሰው ነው።

ስለ ዘመን አቆጣጠር እናገራለሁ ብዬ ነበር። ካሜራው ቀኑን የሚጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱንም ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቈጥራል። በ2016 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት፣ ከጠዋቱ በ2 ሰዓት ከ15 ታቦት ሲሸኝ የተነሣ ፎቶግራፍ በውስጡ «2024:01:20 08:15:00» የሚል ይገኝበታል። ስልኩ በመስኮቱ ላይ የእኛን ካላንደር ቢያሳይም በፋይሉ ውስጥ የሚጽፈው ያንኑ ነው። ይህ በራሱ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው አንዳንዱ ሰው የካሜራውን ቀን በእኛ አቆጣጠር ሲሞላው ነው። ያን ጊዜ ያው የጥምቀት ፎቶግራፍ 2016 ይላል፤ ኮምፒዩተሩም የአውሮፓውያኑን 2016 ነው ብሎ ያስቀምጠዋል። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። በአባቱ ትከሻ ላይ የተቀመጠው የሦስት ዓመት ሕፃን ከመወለዱ አምስት ዓመት ቀድሞ ሲስቅ ይታያል፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓትም ብሎ ከሞላው ፀሐይ በሌሊት ወጥታለች። የዛሬው ሰው ይህን አይቶ ይስቅበታል፤ ከ50 ዓመት በኋላ የሚያገኘው ግን አይስቅም፤ ያምነዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። የካሜራውን ሰዓት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ትክክል አድርጎ መተው፣ በመግለጫው ውስጥ ደግሞ የእኛን ቀን ከነ«ዓ.ም.» ጽፎ አቆጣጠሩን መለየት ነው። ባትሪው ፈጽሞ ያለቀበት ካሜራም ፋብሪካው ወደ ሰጠው ቀን ሊመለስ ስለሚችል፣ ሠርግ ወይም ምረቃ ለማንሣት የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ቀኑን ማየት አለበት።

ከዚህ የባሰው ስሕተት ግን የአሮጌ ፎቶግራፍ ነው። በ1958 ዓ.ም. የተነሣ የክፍል ተማሪዎች ፎቶግራፍ በስካነር ወይም በስልክ ሲገለበጥ መሣሪያው የሚጽፈው የዛሬን ቀን ነው። ማሽኑ አይዋሽም፤ ፋይሉ በርግጥ ዛሬ ነው የተሠራው። ሰውየው ካላረመው ግን የ1958ቱ ተማሪዎች በዘንድሮ ቀን ከዘንድሮ ተማሪዎች ጋር ተቀላቅለው ይሰለፋሉ። ትክክለኛው ቀን የማይታወቅ እንደ ሆነስ? ኤግዚፍ ወርና ዕለት ካልተሞላለት አይረካም፤ ኤክስ ኤም ፒ ግን ዓመቱን ብቻ ቢሰጡት ይቀበላል። በመግለጫውም «በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ባለቤቱ እንደ ነገሩን» ብሎ መጻፍ ይገባል። የማያውቁትን ወርና ቀን ፈጥሮ ከመሙላት ገደማ ብሎ መጻፍ እጅግ ይሻላል።

መግለጫ ሲባል «የድሮ ትዝታ» ወይም «ደስ የሚል ጊዜ ነበር» ማለት አይደለም። ይህማ ሥዕሉ ራሱ ይናገረዋል። ሥዕሉ ሊናገር የማይችለውን ነው መጻፍ የሚገባው፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በረድፍ በረድፍ፣ ስም ከነአባት፣ ከተቻለም ከነአያት፤ የት እንደ ተነሣ፣ በምን ምክንያት እንደ ተነሣ፣ ማን እንዳነሣው፣ ይህንንም የነገረን ማን እንደ ሆነ። የአባት ስም ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከውጭ የመጡ ፕሮግራሞች «የቤተሰብ ስም» የሚል ስፍራ ሲሰጡን የአባታችንን ስም እዚያ እንጽፋለን፤ ኋላ ወንድምና እኅት በአያታቸው ስም የሚጠራ አጎት ጋር ሲደባለቁ ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ መለየት ያቅታል። ስለዚህ ሙሉውን ስም በአንድ መሥመር፣ እንደ አገራችን ልማድ መጻፉ ይሻላል።

የፊደሉም ነገር አለ። ለሰው ዐይን «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ለእርሱ ለየብቻ ናቸው። የከተማችንን ስም እንኳ አንዱ አምበር፣ ሌላው አንበር ብሎ ቢጽፈው፣ በአንዱ የፈለገ ሰው የሌላውን አያገኝም። የአገሩ አጠራርም ተለዋውጧል፤ ቀድሞ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ በኋላ የጎጃም ክፍለ ሀገር፣ ዛሬ ምሥራቅ ጎጃም ዞን ይባላል። በቁልፍ ቃል ስፍራ የጥንቱንም የዛሬውንም፣ ይህንንም አጻጻፍ ያንንም መደርደር ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። የአማርኛ መምህራኖቻችን ይቅር ይበሉኝ፤ በዚህ ስፍራ ብቻ ስሕተት የሆነውም አጻጻፍ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ፋቂው ይመጣል። ፋቂው ምላጭ አልያዘም ብያችኋለሁ። በቴሌግራም አንድ ፎቶግራፍ እንደ ፎቶ ስንልክ ፕሮግራሙ ቶሎ እንዲሄድ ብሎ ሥዕሉን ያሳንሰዋል፤ የውስጥ መዝገቡንም አውጥቶ ይጥለዋል። ዋትሳፕም እንዲሁ ያደርጋል፤ ፌስቡክም አብዛኛውን ይጥላል። ተቀባዩ ሥዕሉን ሲያይ ምንም የጎደለ አይመስለውም። ላኪው የደከመበት ስምና ቀን ግን በመንገድ ቀርቷል። በጀርመን አገር አንድ ፎቶግራፍ አንሺ በዚህ ነገር ፌስቡክን ከስሶ የበርሊን ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ፈርዶለታል። በእኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ከሚጠበቁት ሥራዎች መካከል ቈጥሮታል። ነገር ግን ስሙ የተፋቀበት ፎቶግራፍ ባለቤት የራሱ መሆኑን በምን ያስረዳል? መዳኛው እንዲህ ነው፤ በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል፣ በዋትሳፕም እንደ ሰነድ አድርጎ መላክ ነው። ያን ጊዜ ሳይነካ እንዳለ ይደርሳል። እርግጥ ነው፣ ፋይሉ ከባድ ስለሚሆን ካርድ ይበላል። ለወንድም የምሳ ፎቶግራፍ ሲልኩ ይህን ያህል መድከም አያስፈልግም፤ ለአያት ፎቶግራፍ ግን ያስፈልጋል። ስክሪንሾት የሚባለውም ከዚሁ ወገን ነው፤ የፎቶግራፍ ፎቶግራፍ ስለ ሆነ ከመጀመሪያው መዝገብ አንዲት ቃል አያተርፍም። በጉግል ፎቶስ ላይ የተጻፈ መግለጫም በፋይሉ ውስጥ አይገባም፤ ስብስቡን በሙሉ ስናወርድ መግለጫው ለብቻው በሌላ ፋይል ይመጣል። የጻፍነው በእውነት በፋይሉ ውስጥ መግባቱን የምናውቀው ፋይሉን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ወስደን፣ በሌላ ፕሮግራም ከፍተን ያየነው እንደ ሆነ ነው።

አንድ ብልህ ሰው ግን «መፋቁ አንዳንድ ጊዜ አይጠቅምም ወይ?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ይጠቅማል። ስልኩ ከተፈቀደለት ፎቶግራፉ የተነሣበትን ስፍራ ኬክሮስና ኬንትሮሱን ይጽፋል፤ ደብረ ማርቆስ በ10 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ሰሜንና በ37 ዲግሪ ከ43 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ እንደምትገኝ በጂኦግራፊ ተምረናል፤ ስልኩ ግን ከተማዋን ብቻ ሳይሆን ቤቱን እስከ መለየት ይደርሳል። ጆን ማክአፊ የተባለው ባለጠጋ እ.ኤ.አ. በ2012 ከቤሊዝ ፖሊስ ሸሽቶ ሳለ አንድ መጽሔት ከእርሱ ጋር የተነሡትን ፎቶግራፍ ሲያወጣ በውስጡ የቀረው ቁጥር ጓቲማላ ውስጥ ያለበትን ስፍራ ለዓለም አሳወቀ። በእኛ አገር ንዋየ ቅድሳት ያለበትን ዕቃ ቤት ያነሣ ሰው፣ ወይም የአንዲት ተማሪን ፎቶግራፍ ከመኖሪያ ቤትዋ ደጃፍ ያነሣ ሰው፣ ያን ቁጥር ለማንም ማደል አይገባውም። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ይኑር፤ ሙሉው መዝገብ ያለበት በቤት ይቀመጥ፤ ለሕዝብ የሚወጣው ስሙና መግለጫው ተትቶለት የስፍራው ቁጥር ብቻ ይውጣለት። መርጦ ማውጣት ባለቤቱ የሚያደርገው ጥንቃቄ ነው፤ ሁሉንም በጅምላ መጣል ደግሞ ሌላው ሳይጠይቀን የሚያደርግብን ነው።

ደግሞም የውስጥ መዝገብ የማይዋሽ ምስክር ነው ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። ማንም ሰው ቀኑን ሊለውጥ፣ የሌላውን ስም አጥፍቶ የራሱን ሊጽፍ ይችላል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በሌላ አገርና በሌላ ዘመን የተነሡ ፎቶግራፎች የእኛ ሐዘን እየተባሉ በየስልኩ ሲዞሩ አይተናል፤ መዝገባቸው በመንገድ ተፍቆ ስለ ነበር አንዱም ስለ ራሱ ሊመሰክር አልቻለም። የተለወጠውን ካልተለወጠው ለመለየት ሻ-256 የሚባል ዘዴ አለ፤ ኮምፒዩተሩ ከፋይሉ ላይ አንድ ረጅም ቁጥር ያወጣል፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። መግለጫው ተጽፎ ያለቀ ቀን ይህን ቁጥር በደብተር ላይ መመዝገብ የፋይሉን የጣት አሻራ እንደ መውሰድ ነው።

ለዚህ በዓል መጽሔት ፎቶግራፍ ስንሰበስብ ያደረግነውን ልንገራችሁና ላብቃ። ከየቤቱ የመጣውን ፎቶግራፍ ፊቱን ብቻ ሳይሆን ጀርባውንም ስካን አደረግነው። በጀርባው ጥግ ላይ በለስላሳ እርሳስ ቁጥር ጻፍንበት፤ በእስክሪብቶ አይደለም፣ ቀለሙ ዘልቆ ፊቱን ያበላሻልና። ያመጡት ሰዎች እየነገሩን በፋይሉ ውስጥ ጻፍን፤ ጽፈንም መልሰን አነበብንላቸው። ይህ ክፍል ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የወሰደ ነው። አንዳንድ አባት ለአንድ ፎቶግራፍ አንድ ሰዓት ሙሉ ይነግሩናል፤ ከዚያ ሁሉ ወግ በመግለጫው የሚገባው አምስት መሥመር ነው፤ የቀረውን በደብተር ጻፍነው። ሥራው ሲያልቅ በት/ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ አንድ፣ በሐርድ ዲስክ ላይ አንድ አስቀመጥን፤ ሦስተኛውን በደብረ ማርቆስ ለሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎች ላክን። ሦስተኛው በሌላ ከተማ እንዲሆን የፈለግነው እሳትም ሌባም ሁለት ከተማ በአንድ ቀን ስለማይደርሱ ነው። በኢንተርኔት ላይ ብቻ መመካትን አልወደድነውም፤ መሥመሩ በተቋረጠ ጊዜ ስንት ወር እንደሚቈይ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የፍላሽ ዲስክም ዕድሜ አጭር ስለ ሆነ በየዓመቱ ተከፍቶ እንዲታይ፣ የተመዘገበውም ቁጥር ከፋይሉ ጋር እንዲመሳከር ለክበባችን ተረካቢዎች በጽሑፍ ትተንላቸዋል።

ከሰበሰብናቸው ፎቶግራፎች መካከል ስማቸው ያልታወቀ ሰዎች ያሉባቸውን በቤተ መጻሕፍቱ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተናል። በእያንዳንዱ አጠገብ እርሳስና ወረቀት አለ። ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ሻይ ከመጠጣታችሁ በፊት በዚያ እንድታልፉ በትሕትና እለምናችኋለሁ። በተለይ ከመስኮቱ ሥር ባለው በአንደኛው ፎቶግራፍ፣ ከበሩ አጠገብ ቆመው ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙትን መምህር የሚያውቅ ካለ ስማቸውን ከነአባት ስማቸው ይጻፍልን፤ ማን እንደ ነገረንም እንድናውቅ የራሱን ስም ከሥሩ ያኑር።